ገና አልመጣችሁም

በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ከአያት ተነስቶ ቦሌ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅ ነበር። ከቦሌ ፑንታ አሬናስ ለመድረስ ደግሞ አርባ ስድስት ደቂቃ። ፑንታ አሬናስ የደቡብ አሜሪካ ጅራት ላይ ያለች፣ ከእሷ ወዲያ በረዶና ባሕር ብቻ የሆነባት ከተማ ናት። ሆኖም ጋሽ ያፌት ደግፌ «ሩቅ አገር» ሲባሉ ትዝ የሚላቸው እሷ ሳትሆን መገናኛ ነበር።

ይህን ያመጣው ወንጭፍ ነው። ወንጭፍ ውስጥ ይገባሉ፣ ቀበቶ ያስራሉ፣ ጆሮዎ አንዴ ይደፈናል፣ አንዴ ይከፈታል፣ ይወርዳሉ። መስኮት የለውም። ትኬት ላይ ኪሎ ሜትር መጻፍ ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የሚጻፈው ደቂቃ ብቻ ነው። ጃካርታ ሠላሳ አንድ፣ ሊማ አርባ አራት። ሰዉ ጃካርታ ሄዶ ልብስ ይለካና ለምሳ ቤቱ ይደርሳል፤ ሾርባው ከቀዘቀዘ ጥፋቱ የመገናኛ ነው።

ሩቅ የሚባል ነገር ሲጠፋ ሌላም ብዙ ነገር ይዞ ጠፋ። መጀመሪያ የጠፋው ሰበብ ነው። የሰፈሩ እድር ደንቡን አሻሻለና ከሁለት ሰዓት በረራ በታች በሆነ ቦታ ቀብር የቀረ አባል እንዲወቀስ ወሰነ፤ ከሁለት ሰዓት በረራ በላይ የሆነ ቦታ ደግሞ በምድር ላይ አልተገኘም። ስለዚህ ጋሽ ያፌት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሜልቦርን፣ ቶሮንቶና ደብረ ብርሃን ቀብረው ያውቃሉ። ወገባቸውን የሰበራቸው የደብረ ብርሃኑ ነበር።

ቀጥሎ የጠፋው ሽኝት ነው። በዚህ በኩል ጋሽ ያፌት የራሳቸው ቁስል አላቸው። በወጣትነታቸው የሽኝት ሚኒባስ ሹፌር ነበሩ፤ አንድ ሰው ሊሸኝ ሃያ ሰው ተጠቅጥቆ እየዘፈነ የሚሄድበት፣ እያለቀሰ የሚመለስበት ሚኒባስ። አሁን የሚሸኝም የሚቀበልም የለም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብሌን እንኳ፣ ባላቸው ከዓለም ጫፍ ደውለው «መጣሁ» ሲሏቸው፣ «ዳቦ ይዘህ ና» ከማለት በቀር ቃል አይጨምሩም። ፍቅር ጎድሎባቸው አይደለም፤ የሚናፍቁበት ጊዜ አጥተው ነው።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ግን ጋሽ ያፌት ለለቅሶ ሳይሆን ለደስታ ተጠሩ። በአንድ ግቢ በእጃቸው ላይ ያደገው የጎረቤት ልጅ፣ ተሰማ፣ የሺመቤት የምትባል ልጅ ወዷል። (ዘመኑ እንዲህ ነበር፤ ሽማግሌው ያፌት፣ ጎረምሳው ተሰማ። ስምም እንደ ልብስ ዞሮ ይመጣል።) የሺመቤት የምትኖረው ፑንታ አሬናስ ከአባቷ ጋር ነው፤ እሷና ተሰማ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ምሳ አብረው በልተዋል። አባቷ ካፒቴን ሱራፌል ከመጨረሻዎቹ የክንፋም አብራሪዎች አንዱ ነበሩ። ክንፋም የሚባለው ድሮ ሁሉም ሰው የሚሄድበት፣ አሁን ግን ወንጭፍ የማይችለውን ጭነት ብቻ የሚያመላልሰው ባለክንፍ አውሮፕላን ነው። ወንጭፍ ሲመጣ ካፒቴኑ ከመሪው ወረዱና የፑንታ አሬናስን አሮጌ ማኮብኮቢያ እንዲጠብቁ ተቀጠሩ።

የሺመቤት ደግሞ ቁርጡን ተናግራለች። «አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም።»

ተሰማ ጋሽ ያፌት ጉልበት ላይ ተደፋ። «ጋሼ፣ በእርስዎ ጣልኩት።»

በዚያ ሰፈር ደንብ ሽማግሌ የሚላከው ሦስት ጊዜ ነው። በሦስተኛው እምቢ ያለን ደጅ አራተኛ መርገጥ ነውር ነው፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስት ሆነው ሄዱ። ጋሽ ያፌት፤ ምላሳቸው ከሐሳባቸው የሚቀድመው ጋሽ ናሆም፤ እና በጡረታ ላይ ያሉት ዳኛ ወይዘሮ ሜላት። ከሰዓት በኋላ ከቦሌ ተወነጨፉ፤ እዚያ ገና ጠዋት ነበር። የሺመቤት በር ከፍታ፣ አንገቷን ሰብራ ሰላም ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ ካፒቴን ሱራፌል። ረጅም፣ ከነፋስ ጋር ብዙ የኖረ ፊት ያላቸው ሰው ናቸው።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ያፌት፣ እንደ ወጉ።

«እንግዲያው ይናገሩ።»

ወይዘሮ ሜላት ተናገሩ። የተሰማን ዘርና ጠባይ፣ ሥራውንና ትሕትናውን ዘረዘሩ፤ ፍርድ ሲያነቡ እንደኖሩ ያስታውቃሉ። ካፒቴኑም በጥሞና ሰሙ። ነገሩ ሁሉ ደርዝ ይዞ ነበር፤ ጋሽ ናሆም ሰዓታቸውን እስኪያዩ ድረስ።

«ካፒቴን፣ ይቅርታ ያድርጉልንና፣ ከዚህ ዱባይ ለቅሶ አለብን። ቁርጡን ቢነግሩን ጥሩ ነበር።»

ወይዘሮ ሜላት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ለቅሶ» አሉ ካፒቴኑ ቀስ ብለው። «ደከማችሁ?»

«ኧረ ምን ይደክማል! መገናኛ ላይ ትንሽ ከመጉላላታችን በቀር።»

«በመንገድ ምን አያችሁ?»

ሦስቱ ተያዩ። መስኮት በሌለው ነገር ምን ይታያል? «ምንም» አሉ ጋሽ ያፌት፤ ውሸት አይሆንላቸውም።

«ከዚህ አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ነው» አሉ ካፒቴኑ። «ልጄ ያን ያህል ልትርቀኝ ነው።»

«አይ ካፒቴን፣» ጋሽ ናሆም ሊያጽናኑ ፈልገው ነበር፣ «አርባ ስድስት ደቂቃ እኮ ናት! በዚህ ያዝናሉ እንዴ?»

ካፒቴኑ ተነሥተው በሩን ከፈቱ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «እናንተ ገና አልመጣችሁም» አሉ። «ስትመጡ እንነጋገራለን።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ለቅሶም ሰዓትም ሳይዙ፣ ማር በገንቦ ተሸክመው ሄዱ። ጋሽ ናሆም አፋቸውን እንዳይከፍቱ በወይዘሮ ሜላት ተፈርዶባቸው ነበር። ካፒቴኑ በአክብሮት ተቀበሉ፣ ማሩን ቀመሱ፣ አመሰገኑ። ከዚያ የሦስቱንም ፊት ተራ በተራ አዩ፤ የጠፋ ነገር የሚፈልጉ ነበር የሚመስሉት። በመጨረሻም ያንኑ ተናገሩ። «ገና አልመጣችሁም።» ከጓዳ የሺመቤት ስታለቅስ ሦስቱም ሰሙ።

ሲመለሱ መገናኛ ላይ ታክሲው ውስጥ ተቀምጠው ቀሩ።

«ሰውዬው ነክቶታል» አሉ ጋሽ ናሆም። «ፊቱ ቆመን አልመጣችሁም ይለናል! ታዲያ ማን ነው የመጣው?»

«ዝም በል ናሆም» አሉ ወይዘሮ ሜላት። «የቀረን አንድ ጊዜ ነው።»

ጋሽ ያፌት አልሰሟቸውም። በመስኮት ቦሌ ወዳለበት አቅጣጫ እያዩ፣ ከአርባ ዓመት በፊት ከሩቅ አገር የሚገቡትን ሰዎች ያስታውሱ ነበር። ሱሪያቸው የተጨማደደ፣ እግራቸው አብጦ ጫማቸውን የረገጡ፣ ጉንጫቸው ላይ የወንበር ጨርቅ የታተመባቸው። እናቶች ያንን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ፣ መጣህ?» ሲሉ በሚኒባሳቸው የኋላ መስታወት ያዩ ነበር። የመጣ ሰው ከፊቱ ይታወቃል። ካፒቴኑ ዛሬ የሦስቱንም ፊት አገላብጠው ሲያዩ የፈለጉት ይህንን ነው።

«በክንፋም እንሂድ» አሉ ጋሽ ያፌት።

ጋሽ ናሆም ሳቁ። ሌላ ማንም እንዳልሳቀ ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት።

የቦሌ ጭነት ቢሮ ሠራተኛዋ ልጅ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው። ክንፋሙ ሐሙስ ጠዋት ይነሣል፤ ሉዋንዳ ያርፋል፣ ሳኦ ፓውሎ ያርፋል፣ ሠላሳ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የጫነው አሥራ ሁለት ሺህ የአንድ ቀን ጫጩት ነው፤ ጫጩት ወንጭፍ አይችልም።

«አባባ፣ መዝገቡ ከመቶ ሃያ ደቂቃ በላይ የሚሄድ መንገደኛ አይቀበልም» አለች። «ለሰው የሚሆን ፎርም የለኝም።»

«ለማን የሚሆን አለሽ?»

ልጅቷ ፈለገች። «ለጫጩት ጠባቂ።»

እንዲህ ሆነው ሦስት የተከበሩ የአገር ሽማግሌዎች፣ አንዷ ዳኛ፣ በጫጩት ጠባቂነት ተመዘገቡ። ወይዘሮ ሜላት መመሪያውን ጠይቀው ወሰዱና ቤታቸው ሲያነቡት አመሹ።

ወሬው ግን ከመመሪያው ቀድሞ አያትን ዞረ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ያፌት ከግቢያቸው ሲወጡ ሁለት ሚኒባስ ሰው ቆሞ ጠበቃቸው። ሊሸኝ ነው። ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነው ሁሉ እንዴት እንደሚሸኝ አያውቅም፤ አንዱ ገና ሚኒባሱ ሳይነሣ ማልቀስ ጀመረና «ቆይ፣ እዚያ ስንደርስ ነው» ተባለ። ዘፈኑንም አሮጊቶቹ እየመሩ ወጣቶቹ ተከተሉ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ በየቋጠሮው መጣ፤ ስንቅ የሚለውን ቃል ከሰሙት የቆዩ ሰዎች ሌሊቱን ሲያዘጋጁ አድረው ነበር። ተሰማ ቋጠሮዎቹን ይሸከማል። መገናኛ ላይ እንደተለመደው ቆሙ፤ ያን ቀን ግን ማንም አልተራገመም። ዘፈኑ አላለቀማ!

ወይዘሮ ብሌን በመጨረሻ ቀረብ አሉ። ምን እንደሚባል ጠፍቷቸው የባላቸውን የካፖርት ቁልፍ ቆለፉ፣ ፈቱ፣ ደግመው ቆለፉ።

«ሠላሳ አንድ ሰዓት» አሉ።

«ሠላሳ አንድ።»

«እንዲያ ከሆነ… በደህና ግባ።»

ክንፋሙ መስኮት ነበረው። ጋሽ ያፌት ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ከሰበታ ጀምሮ አላነሱም። ምድር እንዲህ ሆና በቁራሽ በቁራሽ የምታልፍ ነገር መሆኗን ረስተውት ነበር። ጫካ መጣ፤ አልቋል ሲሉ ቀጠለ፤ ምሳ በልተውም እዚያው ነበር። ከሉዋንዳ በኋላ ውቅያኖሱ ጀመረ። መጀመሪያ አደነቁት፣ ከዚያ ሰለቹት፣ ከዚያ ከሰለቹት በኋላም መቀጠሉን ሲያዩ እንደገና አደነቁት። በወንጭፍ ይህንን ባሕር ስንት መቶ ጊዜ ተሻግረዋል፤ እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበር።

ሥራም ነበረባቸው። ወይዘሮ ሜላት ተራ አወጡ፤ አንዱ ሙቀት ያያል፣ አንዱ የሳጥኖቹን አየር ያያል፣ አንዱ ያርፋል። አሥራ ሁለት ሺህ ጫጩት በአንድ ጊዜ ሲጮህ ጋሽ ናሆምን እንኳ የሚሰማቸው አልተገኘም፤ እሳቸውም ይህን ሲረዱ ዝም አሉና፣ ከሳጥን ሾልካ የወጣች አንዲት ጫጩት በጋቢያቸው ጫፍ አቅፈው ተቀመጡ። በዕድሜያቸው ረጅሙ ዝምታቸው ነበር።

በሃያኛው ሰዓት ግድም ጋሽ ያፌት ደረታቸውን ያዙ።

«ሜላት፣ አሞኛል መሰለኝ።»

«የት ላይ ነው?»

«እዚህ። ይጨብጠኛል፣ ይለቀኛል። ብሌን ዳቦ ስትቆርስ ዓይኔ ላይ ትመጣለች።»

ወይዘሮ ሜላት የእጃቸውን ትርታ ይዘው አዳመጡ፤ ከዚያ እንደ ችሎት ቃላቸውን አሰሙ። «ያፌት፣ ይሄ በሽታ አይደለም። ናፍቆት ነው።»

ጋሽ ያፌት ደነገጡ፤ ቀጥሎ ደስ አላቸው። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በአርባ አንድ ዓመት ትዳራቸው፣ ሚስታቸው ናፈቀቻቸው! ብቻቸውን በመስኮቱ በኩል ሳቁ።

የፑንታ አሬናስ ነፋስ ግን ሳቅ አያውቅም። ሊያርፉ ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው ክንፋሙ ይናጥ ጀመር። አብራሪዋ፣ የሐረር ልጅ ናት፣ በሩን ከፍታ ወደ ኋላ ተጣራች። «እናቴ፣ አባቶቼ፣ ነፋሱ በርትቷል። ሌላ ከተማ ላሳርፋችሁ ነው፤ ከዚያ በወንጭፍ አራት ደቂቃ ናት።»

ሠላሳ ሰዓት ተኪዶ በአራት ደቂቃ ሊበላሽ ነው። እዚያ ደጅ ላይ ከወንጭፍ ወርደው ቢቆሙ ጋሽ ያፌት መልሱን ያውቁታል፤ መልሱ ደግሞ የመጨረሻ ነው።

በዚህ መሃል ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና ሦስቱም የሚያውቁት ድምፅ መጣ። ማኮብኮቢያውን የሚጠብቁት ካፒቴን ሱራፌል ናቸውና።

«ጭነት ምንድን ነው?»

«አሥራ ሁለት ሺህ ጫጩት፣ ካፒቴን።»

«ሰው?»

«ሦስት ጠባቂዎች።»

«ጠባቂ አልተለመደም። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

አብራሪዋ ዞር ብላ አየቻቸው። «ሽማግሌዎች ናቸው። አንዷ እናት ናቸው። አንዱ ጫጩት አቅፈዋል።»

ጋሽ ያፌት ሬዲዮው የተቋረጠ መሰላቸው።

«ስሚኝ ልጄ» አለ ድምፁ ሲመለስ። «የትም እንዳትሄጂ። ይህን ነፋስ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ዐሥር ደቂቃ ይቆጣል፣ አምስት ደቂቃ ይተነፍሳል። ባሕሩ ላይ ዙሪ። ሲተነፍስ እነግርሻለሁ። ሰዎቹን አውርጂልኝ።»

ዞሩ። አንዴ፣ ሁለቴ። ጋሽ ናሆም ጫጩቷን ይዘው ዳዊት ደገሙ። በሦስተኛው ላይ ድምፁ «አሁን!» አለ፤ ክንፋሙም አንዴ ነጥሮ መሬት ያዘ።

ጫማ ማጥለቅ አልተቻለም፤ የሦስቱም እግር አብጧል። በካልሲ ወረዱ። የወይዘሮ ሜላት ነጠላ ተጨማዷል፣ የጋሽ ናሆም ጉንጭ ላይ የወንበሩ ጨርቅ ከነጥለቱ ታትሟል፣ ጋሽ ያፌት ከእግር እስከ ራሳቸው ጫጩት ጫጩት ይሸታሉ። ካፒቴን ሱራፌል ነፋሱ ባርኔጣቸውን ወስዶት ባዶ ራሳቸውን ማኮብኮቢያው ዳር ቆመዋል፤ የሺመቤት ክንዳቸውን ይዛለች። ካፒቴኑ መጀመሪያ የሦስቱን እግር አዩ፣ ከዚያ ፊታቸውን። እጃቸውን ዘርግተው የጋሽ ያፌትን ጉንጭ ነኩ፣ ያኔ በመስታወት ይታዩ እንደነበሩት እናቶች።

«ቤት እንግባ» አሉ ብቻ።

ገቡ። ካፒቴኑ ወንበሮቹን ሳቡ። «ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

«ይገባኛል፤ ወጉ ነው፣ ጉዳያችሁን ሳልሰማ…»

«ወጉን ይተዉት ካፒቴን!» አሉ ጋሽ ናሆም፣ ከትናንት ጀምሮ ያጠራቀሙት ድምፅ ፈነዳ። «ሠላሳ አንድ ሰዓት ተቀምጠን ነው የመጣነው! መቀመጫዬ የእኔ አይደለም! ከፈለጉ ልጅዎን ይከልክሉን፣ ግን በመድኃኔ ዓለም፣ ተቀመጡ አይበሉን!»

ካፒቴን ሱራፌል ሳቁ። እየሳቁ ወንበሩን ተደገፉ፣ እየሳቁ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሳቁ የት ላይ ወደ ለቅሶ እንደተሻገረ ማንም አላየም። «መጣችሁ» አሉ። «ይኸው መጣችሁ። አያችሁት አይደል? ልጄ የት ድረስ እንደምትሄድብኝ አያችሁት?»

«አየነው» አሉ ጋሽ ያፌት። «ሩቅ ነው ካፒቴን። በጣም ሩቅ ነው።»

«አዎ» አሉ አባትየው። ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ስንት ጊዜ ጠብቀዋል! «በሉ፣ ሰጥቻችኋለሁ። አሁን ተኙ።» የሺመቤት ከጓዳ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም የሚል ቢኖር፣ እዚያ ቤት ሌላ ሴት ያሉት ወይዘሮ ሜላት ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ምንጣፉ ላይ ተዘርግተው ነበር።

ከእንቅልፍ በኋላ ጋሽ ናሆም ለወንጭፍ ተሰናዱ። «ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ተነሣ ያፌት!» ጋሽ ያፌት መጀመሪያ ቤታቸው ደወሉ።

«ብሌን፣ ሰጡን! አሁን በወንጭፍ…»

«ቆይ!» አሉ ወይዘሮ ብሌን። ድምፃቸው ሌላ ሆኗል፤ የሃያ ዓመት ልጃገረድ ድምፅ። «በወንጭፍ እንዳትመጣ።»

«ምነው?»

«ሠላሳ ዓመት ናፍቀኸኝ አታውቅም። ትናንት ማታ ጀመረኝ። ገና እያጣጣምኩት ነው፣ ያፌት፤ በአርባ ስድስት ደቂቃ እንዳታበላሽብኝ። ደግሞ ሰው ሁሉ ሊቀበልህ ሁለት ሚኒባስ ተናግሯል፤ ዘፈኑንም እየተለማመዱ ነው።»

ጋሽ ያፌት ስልኩን ዘጉ። ከዚያ በካልሲያቸው ወደ ማኮብኮቢያው ወጥተው አብራሪዋን ጠየቋት።

«ልጄ፣ ስትመለሺ ምን ትጭኛለሽ?»

«የበግ ሱፍ ነው አባቴ። በትልልቅ ጆንያ፣ እስከ ጣሪያው።»

«ሰው ይተኛበታል?»

«እንደ ንጉሥ።»

ጋሽ ያፌት ወገባቸውን አሹ። «የሱፍ ጠባቂ ብለሽ መዝግቢኝ» አሉ።